እንግዳው መቶ ሃያ

ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ከታችኛው ቤት የሚሰማው የስፌት መኪና ነው። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ውሃ እጥዳለሁ፣ ውሃው እስኪፈላ ቀሚሴን እተኩሳለሁ። ሻይዬን ቆሜ እጠጣለሁ። ዳቦ ቆርጬ ለምሳዬ እጠቀልላለሁ። ከዚያ መነጽሬን፣ መሐረቤንና ጠመኔዬን ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። የትምህርት ቤቱ ጠመኔ ሰሌዳ ሲነካ ስለሚሰበር የራሴን ገዝቼ እይዛለሁ።

የስፌት መኪናዋ ባለቤት የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። እትዬ እላታለሁ። ደረጃውን ስወርድ በኮቴዬ ታውቀኝና በሯን በክርኗ ገፍታ ብቅ ትላለች። አንገቷ ላይ ሜትር፣ ከንፈሯ መሀል ደግሞ ስፒል አይጠፋም። በስፒሉ መሀል እንዴት እንደምትናገር እስካሁን አልገባኝም።

«አንቺ ሊቅ፣ ቁርስ በላሽ?»

«በልቻለሁ እትዬ።»

«ሻይ ነው የበላሽው? ይሄን ሁሉ ሒሳብ ተምረሽ ቁርስና ምሳ መደመር እንዴት ያቅትሻል?»

«ማታ እደምረዋለሁ።»

«ማታ ስትመጪ እኔ እደምርልሻለሁ፤ በማንኪያ እያጎረስኩ!» ትልና በሯን በእግሯ ትዘጋለች። መኪናዋ እንደገና መንኳኳት ይጀምራል።

ትምህርት ቤት ስደርስ ግቢው ገና ጸጥ ያለ ነው። ክፍሌን ከፍቼ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ አጸዳለሁ፣ የተጣመሙትን ወንበሮች አቃናለሁ። ከሰሌዳው በላይ የተሰቀለው ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ይቀድማል። ያስቀደመው ባለቤቴ ነው። «ልጆች ትንሽ ሲቸኩሉ ደማቸው ይሞቃል» ይል ነበር። ክፍሉ የእሱ ነበር። ሰዓቱን አልነካሁትም።

ሁለታችንም ሒሳብ አስተማሪዎች ነበርን፤ እሱ በዚህ ክፍል፣ እኔ በሚቀጥለው። ተማሪዎቹ መብረቅ ይሉት ነበር። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ከእሱ በኩል ጭብጨባና ጩኸት፣ ከእኔ በኩል ዝምታ ይሰማል። ማታ ቤት ስንገናኝ «ዛሬ ክፍልሽ ውስጥ ሰው ነበረ እንዴ?» ይለኛል።

«እያሰቡ ነበር።»

«የእኔዎቹ እቤታቸው አስበው ነው የሚመጡት።»

ችኮላው በሰሌዳው ብቻ አያበቃም። ማንም ጥያቄውን ሳይጨርስ ይመልሳል። «ከሱቅ ስትመለስ» ብዬ ስጀምር «ሳሙና፣ አልረሳሁም!» ብሎ ይወጣል። እኔ ልል የነበረው «ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ጃንጥላህን ያዝ» ነበር። ከዚያ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ያለ ጃንጥላም ያለ ሳሙናም ይመጣል። ልብሱን እየጨመቀ «ግን ቀድሜ መልሻለሁ» ይላል።

እሱ ካረፈ በኋላ ክፍሉም ተማሪዎቹም ለእኔ ተሰጡ።

በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ፊት ቆሜ «ከአንድ እስከ» ብዬ አፌን ስከፍት ከፊት ወንበር አንድ ልጅ ብድግ አለና «አምስት ሺህ ሃምሳ!» ብሎ ጮኸ። ጓደኞቹ አጨበጨቡ።

«ምኑ ነው አምስት ሺህ ሃምሳ?» አልኩት።

«ከአንድ እስከ መቶ ሲደመር፣ ቲቸር!»

«እኔ ከአንድ እስከ አራት እየቆጠራችሁ በቡድን ተቀመጡ ልል ነበር።»

ይህ ልጅ ጥይት ይባላል። ስሙን ያወጣለት መብረቅ ራሱ ነው። ብልህ ልጅ ነው፤ ግን መልሱ ከየት እንደመጣ ስትጠይቁት፣ ሰው የገዛ ጥላውን ከየት አመጣኸው እንደተባለ ሁሉ ግራ ይገባዋል። ሌሎቹም ያው ናቸው። የተሳሳተ ልጅ ሲኖር ክፍሉ በሙሉ «ኡ!» ይላል፤ የተሳሳተው ያፍርና ለሳምንት አፉን አይከፍትም።

ስለዚህ አንድ ልማድ አስገባሁ። በክፍላችን የተሳሳተ መልስ አይባረርም፤ እንግዳ ነው። በሰሌዳው ግራ በኩል ቦታ ይሰጠውና በክብ ይከበባል። ከዚያ ሁለት ነገር ይጠየቃል። ከየት መጣህ? የማን መልስ ነህ? ምክንያቱም የተሳሳተ መልስ ማለት ብዙውን ጊዜ ለሌላ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሆኖ ሳለ ቤት ተሳስቶ የእኛን በር ያንኳኳ ነው። የራሱን ጥያቄ ፈልገን ሳናገናኘው ዳስተር አናነሣበትም።

«እንግዳው ምሳም ይበላል ቲቸር?» አለ ጥይት ይህን ያስረዳሁ ቀን።

«አንተ ካበላኸው።»

ሳቁ። ቢሆንም ወደዱት። ጥቂት እንደቆየን «ኡ!» ማለቱ ቀርቶ አንዱ ሲሳሳት «እንግዳ መጣ!» እያሉ ለመቀበል መሽቀዳደም ጀመሩ። መሽቀዳደሙን ማስተው አልቻልኩም፤ ያሳደጋቸው ሰው ምልክት ነው።

ሁሉም ከተሽቀዳደመ በኋላ የምትደርስ አንዲት ልጅ አለች። በመስኮቱ በኩል መጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ጥይት ኤሊ ብሎ ሰየማት። እሷም «ኤሊ ቤቷን ይዛ ነው የምትሄደው፤ አንተ ግን ቤትህን ረስተህ ትሮጣለህ» አለችው። ጥሩ መልስ ነበር። ችግሩ መልሱ የተሰጠው ከስድቡ በማግስቱ መሆኑ ነው።

አንድ ቀን የማባዛት ሰንጠረዥ ስንከልስ እጇን አወጣች። «አምስት ጊዜ ስድስትና ስድስት ጊዜ አምስት እኩል የሆኑት ለምንድን ነው?» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ ሁለቱም ሠላሳ ነዋ! እሷ ግን ከወንበሯ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፤ ከዚያ ሆና ወንበሮቹን አየች። ቀጥላ ወደ መስኮቱ ሄዳ እንደገና አየች። «ከበሩ ሳይ አምስት ረድፍ ነው፣ በየረድፉ ስድስት። ከመስኮቱ ሳይ ስድስት ረድፍ ነው፣ በየረድፉ አምስት። ማንም ግን ወንበሩን አልነካም» አለችና ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ እየተነሡ በሩና መስኮቱ ጋ ሄደው አዩ። ጥይት ሁለት ጊዜ ሄደ።

የዚህች ልጅ ምኞት የንድፍ ክፍል መግባት ነው። ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ ሰፋፊ ጠረጴዛዎች፣ ረጃጅም ማስመሪያዎችና ጥሩ መብራት ያለው የንድፍ ክፍል ከፍቷል። ኤሊ የምታስበው ድልድይ ነው። የምትስለውም ድልድይ ነው፤ የሚሻገርበት ሰው ክብደት እንኳ በትንንሽ ቀስት ምልክት ይደረግበታል። ነገር ግን ርዕሰ መምህሩ ወደ ንድፍ ክፍል የሚገባው የፍጥነት ፈተናውን ያለፈ ብቻ ነው የሚል ደንብ አወጣ። ፈተናው ተሰጠ። ኤሊ ወደቀች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ትልቅ አውቶቡስ ቆሞ አገኘሁ። አባቷ ከመሪው ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ።

«መምህርት፣ ላስቸግርዎት። ልጄ እራቷን አልበላችም።»

«ሰምቻለሁ። አዝናለሁ።»

«ደደብ ናት ካሉኝ እቀበላለሁ፤ የእኔ ልጅ ናትና ከእኔ ወስዳው ነው። ግን ደደብ አይደለችም። ጠንቃቃ ናት። እኔም ራሴ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ተሳፋሪው ይሰድበኛል፣ ‹ሬሳ ነው የጫንከው?› ይለኛል። ይበል! ሁሉንም ከነምላሳቸው አድርሻቸዋለሁ። ‹አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› ብላት ደግሞ ተቆጣችኝ።»

«ለምን?»

«‹ሰው ሁሉ ያንን እንቁላል ይነግረኛል፤ የትም ሲደርስ ግን አላየሁም› አለችኝ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች መስኮት መደብደብ ጀመሩ። ኮፍያውን አድርጎ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ መሪው ተመለሰ።

ርዕሰ መምህሩ ቀድሞ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ዛሬም ፊሽካውን ከአንገቱ፣ የሩጫ ሰዓቱን ከኪሱ አይለይም። ከባለቤቴ ጋር እንደ ወንድማማቾች ነበሩ። በተማሪ ፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ በቢሮው ግን በሩን ዘግቼ እንደ ድሮው አንተ እለዋለሁ።

«ውጤቷ ይኸውልሽ» አለኝ። «ከሠላሳ አሥር።»

«አሥር ሠርታ አሥሩንም አግኝታለች።»

«ሃያውስ?»

«አልደረሰችባቸውም።»

«እኔስ የምለው ይህንኑ አይደል? ሯጭ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ‹እስከዚህ ድረስ ግን አሯሯጤ ያምራል› ቢለኝ ሜዳሊያ ላጥልቅለት?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የምታስገባት ወደ ሩጫ ሜዳ ሳይሆን ድልድይ ወደሚነደፍበት ክፍል ነው። አንተ በየትኛው ድልድይ ላይ መሄድ ትመርጣለህ? ቀድሞ ባለቀው ወይስ በማይወድቀው?»

«ወይ አንቺ!» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ጣሪያውን አየ። «ከእሱም ጋር እንዲህ ትከራከሪ ነበር?»

«በየቀኑ።»

«ማን ያሸንፍ ነበር?»

«እሱ ቀድሞ ይጨርስ ነበር።»

ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ከዚያ እሱ ፊሽካውን በጣቱ እያሽከረከረ ፈገግ አለ።

«እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። ነገ ክፍልሽ እመጣለሁ። አንዲት ጥያቄ ብቻ። የራሱ የመብረቅ ጥያቄ ናት፤ እኔንም ጠይቆኛል። ደወል እስኪደወል ጊዜ እሰጣታለሁ። ካገኘችው ትገባለች። ካላገኘችው ሁለተኛ ስለዚህች ልጅ አታንሺብኝ።»

«ጥያቄዋ ምንድን ናት?»

«አልነግርሽም!» አለ፤ በጣም ደስ ብሎታል።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ሲገባ ተማሪዎቹ ተነሡ። አስቀመጣቸው፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የሩጫ ሰዓቱን አወጣ። ኤሊ እጆቿን ወንበሩ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«ጥያቄው ለእሷ ነው፤ ሌሎቻችሁ ዝም!» አለ። «አንድ አውቶቡስ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ከተማ ይሄዳል። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ነው። ሲሄድ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር እየነዳ ደረሰ። ሾፌሩ አሁን የሚፈልገው የደርሶ መልሱ ፍጥነት በአማካይ በሰዓት ሰማንያ እንዲሆንለት ነው። እንግዲህ ሲመለስ በስንት»

«መቶ ሃያ!» አለ ጥይት።

«ብራቮ!» አለ ርዕሰ መምህሩ፤ ከደስታው ብዛት ፊሽካውን ነፋው። ከዚያ ያደረገው ነገር ገባውና ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። «አንተ ልጅ! ጥያቄው ለእሷ ነው አላልኩም?»

«አመለጠኝ ዳይሬክተር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ርዕሰ መምህሩ ጭንቅላቱን አከከ። ክፉ ሰው አይደለም። ኤሊን አየ፣ እኔን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በቃ፣ ምን ይደረግ፣ አንቺም ሰምተሻል። መቶ ሃያ በዪና እንገላገል። ትገቢያለሽ።»

እኔ በዚያ ሰዓት ጥያቄውን በልቤ እያመላለስኩት ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼው አላውቅም። ገና መንገዱን በአእምሮዬ ሳሰምር ነገሩ ገባኝና ጠመኔዬን አጥብቄ ያዝኩ። ልጅቷ የምትፈልገው ጠረጴዛ፣ ማስመሪያና መብራት በሁለት ቃል ርቀት ላይ ናቸው። እኔ መናገር አልችልም። ብናገር መልሱ የእኔ ይሆናል። ዝም ብል ደግሞ መቶ ሃያ ብላ ትገባለች፤ ማንስ ይፈርድባታል?

ኤሊ የሰሌዳውን ግራ ጎን አየች። የሩጫ ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጥይት ወደ ኋላ ዞሮ በሹክሹክታ «በዪ እንጂ!» አላት፤ እሱም ከልቡ ነበር።

«ዳይሬክተር» አለች በመጨረሻ፣ «መቶ ሃያን እንግዳ ቦታ ላይ ልጻፈው?»

«የምን እንግዳ?»

ክፍሉ በሙሉ ባንድ ጊዜ ያስረዳው ጀመር፤ ከየት መጣህ፣ የማን መልስ ነህ፣ በክብ ይከበባል፣ ካበሉት ምሳም ይበላል። ርዕሰ መምህሩ እጁን አወጣ።

«ቆዩ፣ ቆዩ! መቶ ሃያ እንግዳ አይደለም። መቶ ሃያ የቤቱ ባለቤት ነው!»

«ላረጋግጥ ብዬ ነው» አለች ኤሊ።

ወደ እኔ ዞሮ «ልጅቷን እየረዳኋት እኮ ነው» አለ።

«አዎ፣ እያየሁ ነው» አልኩት። «ግን ደወል እስኪደወል ጊዜ ሰጥተዋታል።»

ወደ ሰሌዳው መጣች። ጠመኔዬን ሰጠኋት። መቶ ሃያን በግራ በኩል ጽፋ ከበበችው። ከዚያ አንድ ረጅም መስመር አሰመረች። በአንዱ ጫፍ ቤት፣ በሌላው ጫፍ ቤት ሳለች። ቀጥላ አውቶቡስ ሳለች፤ ጎማ አደረገችለት፣ መስኮት አደረገችለት፣ ሾፌሩንም ኮፍያ አለበሰችው። ርዕሰ መምህሩ የሩጫ ሰዓቱን አየና ቃተተ።

«አባቴን መንገድ ሲልኩት መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹በስንት ሰዓት ልድረስ?› ብሎ ነው» አለች። «ስለዚህ እኔም ከሰዓቱ ልጀምር። ደርሶ መልሱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«ሰማንያ!» አለ ክፍሉ።

«በሰዓት ሰማንያ የሚነዳ ሰው ሰማንያ ኪሎ ሜትሩን በስንት ይጨርሳል?»

«በአንድ ሰዓት!»

«እሺ። ሾፌሩ ሲሄድ አርባውን ኪሎ ሜትር በሰዓት አርባ ነዳ። መሄጃው ብቻ ስንት ፈጀበት?»

«አን…» አለ ጥይት። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ኤሊ ጠመኔውን በሩቁ ቤት ላይ አስቀመጠች።

«ሰዓቱ አልቋል» አለች። «አውቶቡሱ ገና እዚህ ነው፣ ለመመለስ እንኳ አልዞረም። የነበረው አንድ ሰዓት ግን አልቋል። ከዚህ በኋላ ምንም ያህል ቢፈጥን ያ ሰዓት አይመለስለትም። ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ቁጥር የለም።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያን ዓይነት ጸጥታ አውቀዋለሁ፤ ድሮ ከእኔ በኩል በግድግዳው የሚያልፈው እሱ ነበር። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት።

«አይሆንም!» አለ ርዕሰ መምህሩ። «አርባና መቶ ሃያ መቶ ስልሳ። ለሁለት ሲካፈል ሰማንያ። የት ይሄዳል?»

«እንሞክረው» አለች። «በመቶ ሃያ ይመለስ። አርባ ኪሎ ሜትሩን በሃያ ደቂቃ ይጨርሳል። መሄጃው ስልሳ ደቂቃ ነው። ሲደመር ሰማንያ ደቂቃ። ሰማንያ ኪሎ ሜትር በሰማንያ ደቂቃ።»

«በደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ነዋ» አለ ርዕሰ መምህሩ ቀስ ብሎ።

«በሰዓት ስልሳ!» አለ ጥይት። እንደ ልማዱ ቀድሞ ነው፤ ግን አሁን ምን እንደሚቆጥር እያየ ነው።

ርዕሰ መምህሩ የሚቀመጥበት ፈለገ። ፊት ካሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ የልጅ ስለሆነ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። ሰሌዳውን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ በጣቶቹም ቆጠረ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ያ ሰውዬ!» አለ። «ያ ጉድ! በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህን ጥያቄ ጠየቀኝ። ሳይጨርስ መቶ ሃያ አልኩት። ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ፣ ‹አንተስ ከእኔም ትፈጥናለህ!› ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ ያወቅሁለት መስሎኝ! ስንት ቦታ አውርቼዋለሁ! የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ሳይቀር በማይክሮፎን ጠይቄ፣ መቶ ሃያ ላለው ሁሉ አስጨብጭቤያለሁ!»

ልጆቹ ወንበር እየደበደቡ ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ፤ ፊሽካው ደረቱ ላይ ይዘላል። ሳቁ ሲበርድለት ዓይኑን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ።

«‹ለሚስቴ ብቻ እንዳትነግራት› አለኝ። ‹ለምን?› ብለው ‹ታበላሽብኛለች› አለኝ።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ይኸው ተማሪዬ አበላሸችው» አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር።

«ቲቸር!» አለ ጥይት እጁን አውጥቶ። እጁን አውጥቶ ሲጠብቅ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። «እንግዳው ቤቱ አልደረሰም እኮ። መቶ ሃያ የማን መልስ ነው?»

«የማን ይመስልሃል?»

አሰበ። እውነቴን ነው፣ ሲያስብ አየሁት፤ ጫማውን እያየ፣ ጆሮውን እየጎተተ።

«መሄጃውና መመለሻው እኩል መንገድ ናቸው ስላልን ነው የተሸወድነው። እኩል መሆን ያለበት ሰዓቱ ነበር። አንድ ሰዓት በአርባ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ደግሞ በመቶ ሃያ ቢነዳ፣ ያኔ አማካዩ ሰማንያ ይመጣል።»

«አንድ ሰዓት በመቶ ሃያ ከነዳ እኮ እኛን አልፎን ይሄዳል!» አለ ሌላው።

«ይለፈን! መልሱ ግን ቤቱ ገብቷል» አለ ጥይት። ዳስተሩን አንሥቶ ለኤሊ አቀበላት። እሷም ክቡን ጠረገችው።

ርዕሰ መምህሩ ከትንሹ ወንበር እንዲላቀቅ ሁለት ልጆች ረዱት። «ትገባለች» አለ። «ደወሉም ሳይደወል።» ከዚያ ቀና ብሎ ከሰሌዳው በላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ የሩጫ ሰዓቱንም አየ። «ይሄ ደግሞ ይቀድማል። ሰው ልኬ ላስተካክልላችሁ?»

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቆይ» አልኩ።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ አውቶቡሱ በሩ ላይ ቆሟል። ኤሊ አባቷ ጋ ሄዳ ነገረችው። በእሷ አነጋገር ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ተሳፋሪው መስኮት ይደበድባል፣ አባትየው «አንድ ጊዜ!» እያለ ያዳምጣል። ሲጨርሱ ጡሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። በሩን ከመዝጋቱ በፊት «መምህርት፣ እንቁላሉ ሄደ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በለመደው ፍጥነት፣ ማለትም ብስክሌት እየቀደመው፣ ሄደ።

ቤት ስደርስ እትዬ የአንዲት ወፍራም ደንበኛ ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትቆርጣለች። አጠገቧ ተቀምጬ ጥያቄውን ነገርኳት።

«ሲመለስ በስንት መንዳት»

«መቶ ሃያ» አለች መቀሷን ሳታቆም።

የዘር ነው ማለት ነው። አየኋት። መቀሷ መሀል ላይ ቆመ። ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣችና ጨርቁ ላይ ሰካቻቸው።

«ልክ አይደለም እንዴ?»

«እንግዳ ነው» አልኳትና ከመጀመሪያው አስረዳኋት። አውቶቡሱን በሳሙናዋ ቁራጭ ጨርቁ ጥግ ላይ ሣልኩላት። ሰዓቱ ያለቀበት ቦታ ስንደርስ ፊቴን አየችና እጄን ቸብ አደረገችው። ርዕሰ መምህሩ ሰርግ ላይ ያስጨበጨበበት ጋ ስደርስ ግን የወንድሟን ሳቅ ሳቀች። ያ ሳቅ በእሷ ጉሮሮ ውስጥ መኖሩን ረስቼው ነበር።

«‹ታበላሽብኛለች› አለ?»

«እንደዚያ አለ።»

«ያ ቀጣፊ!» አለች። «ያውቅሽ ነበር ማለት ነው። በዪ አሁን ነዪ፤ ቁርስሽንና ምሳሽን ልደምርልሽ።»

ደመረችልኝ። በማንኪያ ባታጎርሰኝም፣ እራት ሰጥታ እስክጨርስ ከላዬ ቆመች።

ከዚያ ደረጃውን ወጥቼ ቤቴን ከፈትኩ። ውጭ ገና ብርሃን ነው። ቦርሳዬን አስቀመጥኩ፤ ጠመኔው ከኤሊ እጅ ሲመለስ አጥሯል። ውሃ ጣድኩ።

«እኔን ያልጠየቅኸኝ» አልኩት ባለቤቴን ጮክ ብዬ፣ ከዚያም እንደ ልማዴ መሀል ላይ አቆምኩ።

ውሃው ፈላ። ሻይዬን ቀዳሁ፣ ተቀመጥኩና «ስለማበላሽብህ ብቻ ነው?» ብዬ ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ጨረስኩት።

እዚህ ቤት አሁን ጥያቄዬን ሳልጨርስ የሚመልስልኝ ሰው የለም።